በቢጫው ላይ የከረመች ልጅ፦ ከደብረ ብርሃን የአንዲት ሕፃን የአመጋገብ ጉዳይ

ልጅቱን መጀመሪያ ያየኋት በሁዳዴ ጾም አጋማሽ፣ ቤት ለቤት ስዞር ነው። ስድስት ተከራይ ባለበት አንድ ግቢ ውስጥ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር፣ የ10 ዓመት እህቷ አዝላት ቆማለች። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ሰው ፀሐይ እስኪወጣ ከቤት አይወጣም። ትንሿ በጋቢ ተጠቅልላ ጡጦ ትጠባለች። በጡጦው ውስጥ ያለው ከሩቅ ወተት ይመስላል። ቀረብ ስል የአጃ አጥሚት ሆኖ አገኘሁት፤ ያውም ከመቅጠኑ የተነሣ፣ ጡጦውን በዚያኛው ወገን የያዘችው የእህቷ ጣት በአጥሚቱ አልፎ ይታያል።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ይህን ጉዳይ የምጽፈው የልጅቱ እናት ስለፈቀደችልኝ ነው። ስማቸውን፣ ሰፈራቸውንና ሌላም ሊያስለያቸው የሚችለውን ነገር ትቼዋለሁ። ለሥራ ባልደረቦቼና ልጅ ለሚያሳድግ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ የማምነው ግን አንድም ሳይቀር እዚህ አለ።

ያን ዕለት ልጅቱ 14 ወሯ ነበር። የግራ ክንዷ ዙሪያ 11.8 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 7.1 ኪሎ፣ ቁመቷ 70 ሴንቲ ሜትር። እግሯ ላይ እብጠት የለም። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መለኪያ በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ መካከለኛ ክብደቷ 9.4 ኪሎ ነው፤ ከ7.4 ኪሎ በታች ከሆነች ክብደቷ ለዕድሜዋ አንሷል፤ ቁመቷም ከ71 በታች ከሆነ ቀንጭራለች ይባላል። ይህች ልጅ በሁለቱም ከመስመሩ በታች ናት። በክንድ መለኪያው ግን ያረፈችው ቢጫው ላይ ነው። ቀዩ ከ11.5 በታች ነው፤ ቢጫው ከ11.5 እስከ 12.5፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቀይ ብትሆን ኖሮ የፕላምፒናት (ለከፍተኛ የምግብ እጥረት የሚሰጥ የለውዝ ምግብ) ሕክምና ይጀመርላት ነበር። ቢጫ ለሆነ ልጅ የሚሰጠው ተጨማሪ ምግብ በቅድሚያ የሚሄደው ድርቅና ችግር ወደጸናባቸው ወረዳዎች ስለሆነ፣ እኛ ጋ ያኔ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

እናቷ ከሁለት ወር በፊት ልጅቱን ተቅማጥ ይዟት ወደ አንድ ጤና ተቋም ወስዳት ነበር። ዚንክና ኦአርኤስ ተሰጣት፤ ክንዷ ተለካ፤ «ለፕላምፒናት አልደረሰችም፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና አትክልት ስጪያት» ተባለች፤ ሄደች። ምክሩ ስሕተት የለበትም። እኔም ራሴ ሴቶች ለቡና በሚሰበሰቡበት ስንት ጊዜ ያንኑ ቃል በቃል ብያለሁ። እዚያ ግቢ ተቀምጬ ጡጦውን ሳይ ግን ያ ምክር ምን ያህል ከዚህ ቤት ደጅ ላይ እንደሚቀር ገባኝ።

ቤቱ

አባትየው ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሥራ ያገኘ ቀን ያገኛል። እናትየው ከመንዝ ገጠር የመጣች፣ ገና ወጣት ናት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ጠላና አረቄ ወደሚያወጡ አንዲት ሴትዮ ቤት ትሄዳለች፤ ቀን 7 ሰዓት ትመለሳለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሱቅ የሚሸጥ እንጀራ ትጋግራለች። ታላቋ ልጅ ትምህርቷ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ፣ ከንጋት ጀምሮ እናት እስክትመለስ ያሉት ሰዓታት ሁሉ የእሷ ኃላፊነት ናቸው። ሕፃኗን የምትመግበው የ10 ዓመት ልጅ ናት ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ስናስተምር የኖርነው እናቷን ነበር።

አጥሚቱን እናት ከመሄዷ በፊት ሌሊት ታፈላለች። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በግማሽ ሊትር ውኃ፣ ስኳር ጨምራ። ሁለት ጊዜ በጡጦ ይሰጣል። የጡጦው ጫፍ በምላጭ ሰፋ ተደርጎ ተቆርጧል፤ ካልሆነ ዱቄቱ ይዘጋዋል። በመካከል ከሱቅ ብስኩት ይገዛል፤ አንዳንዴም ሻይ በዳቦ። ማታ እናት ከምትበላው የሽሮ መረቅ በእንጀራ ትንሽ ትቀምሳለች። ሌሊት ጡት ትጠባለች፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እናትየው ያን ሁሉ ድካም ይዛ ጡት አለማስጣሏን አመስግኛታለሁ።

«ገንፎ ለምን አትሰጫትም?» አልኳት።

«ያንቃታል ሲስተር። አንዴ አንቋት እህቷ ደንግጣ ጎረቤት ጠራች። አጥሚቱ ግን ሸርተት ብሎ ይወርድላታል።»

በዚህ መልስ ውስጥ ሞኝነት የለም። ልጅን በ10 ዓመት ልጅ እጅ ትታ የምትሄድ እናት መጀመሪያ የምትፈራው መታነቅን ነው።

እስቲ ግን አጥሚቱን እንመዝነው። ሦስት ማንኪያ ዱቄት 30 ግራም ገደማ ነው፤ ከ100 ኪሎ ካሎሪ (በተለምዶ «ካሎሪ» ከሚባለው) እምብዛም አይበልጥም። ያ በግማሽ ሊትር ውኃ ሲበተን በአንድ ሚሊ ሊትር 0.2 ካሎሪ ይደርሳል። የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የ7 ኪሎ ልጅ ሆድ 210 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይዞ ይሞላል። እንግዲህ ይህች ልጅ ሆዷ ግጥም እስኪል ብትጠጣ ከዱቄቱ የምታገኘው ከ45 ካሎሪ አይዘልም። ጡት የምትጠባ ከ12 እስከ 23 ወር ያለች ልጅ ከምግብ በቀን 550 ካሎሪ ያህል ያስፈልጋታል። እህቷ «ጠገበች እኮ፣ ትተፋዋለች» ያለችኝ እውነት ነበር። ልጅቱ ጠግባ ነበር የምትራበው።

ይህ ነገር የእሷ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ (በቂ የምግብ ዓይነትና በቂ የመመገቢያ ጊዜ) ያገኙት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የቀነጨሩት በአገር 37 በመቶ፣ በአማራ ክልል 41 በመቶ ነበሩ። በከተማ 26 በመቶ ነው፤ ከገጠሩ ስለሚያንስ ብዙ ሰው «ከተማ ደኅና ነው» ይላል። የከተማው አማካይ ግን የባለ ደመወዙንም የባለ ሱቁንም ልጅ ይጨምራል። እንዲህ ባለው ተከራይ ግቢ ውስጥ ያለው ልጅ ማሳም ላምም የለውም፤ ቤተሰቡ ካሮት አንድ ፍሬ እንኳ የሚበላው ገዝቶ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ የወተት ላም ሞልቷል፤ ወተቱ ግን በማለዳ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የዚህ ግቢ ልጆች ሽታውንም አያውቁት።

ድስቱ

እንቁላል እንዳነሣሁ የእናትየው ፊት ተለወጠ። ዋጋው ነው ብዬ ገመትኩ። አልነበረም።

«ጾም አይደል ወይ? ድስቴ አንድ ነው። ይፈሰክብኛል።»

ይህን ምክንያት በስብከት ልናልፈው አይገባም። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ድስት፣ አንድ መጥበሻ ነው። ለልጅ እንቁላል ከተጠበሰበት እናትና አባት ጾማቸውን የሚሠሩበት ዕቃ የላቸውም። ልጁ ጾም እንደሌለበት እናቲቱ ታውቃለች፤ የጨነቃት ዕቃው ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት ሲደመሩ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ይሄዳል። አንድ ልጅ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ካለው ጊዜ ውስጥ ይህን ያህሉን ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ካሳለፈ፣ ያ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም።

እኔ ስለ ሃይማኖቷ የማዘዝ ሥልጣን የለኝም። ስለዚህ የንስሐ አባቷን እንድናነጋግር ጠየቅኳት፤ እሺ አለች። አባ በሳምንቱ መጡ። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እሷ ዞረው፣ «ልጄ፣ ሕፃን ልጅ ምን ጾም አለባት? ዕቃዋን ለይልኝና አብያት። ይህን ሳታደርጊ ብትቀሪ ነው የምቆጣሽ» አሏት። ስለ ራሷም፣ የምታጠባ ስለሆነች፣ ለብቻዋ አነጋገሯት። ከዚያ በኋላ ስለ ጾም አንድም ቃል መናገር አላስፈለገኝም። አባትየው ክዳን ያለው ትንሽ የብረት ጣሳና አንድ ማንኪያ ገዝቶ መጣ፤ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። «የልጅቱ ዕቃ» ይሉታል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ገበያ የሚወጣ ሁሉ የሚያውቀው፣ እኛ ግን በትምህርታችን የማናነሣው። በጾም የእንቁላል ዋጋ ይወርዳል፤ የሚገዛ የለማ። ለሕፃን እንቁላል ለመግዛት ከዓመቱ የሚቀለው ጊዜ ሁዳዴ ነው። ያኔ በጉሊት አንድ እንቁላል እህትየው በየቀኑ ከምትገዛው ብስኩት ጋር ዋጋው ተቀራራቢ ነበር። አባትየው ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ብስኩቱን እኔ ነኝ ያስለመድኳት፤ የከተማ ልጅ ትሁን ብዬ» አለኝ። ሰውየው ለልጁ የተሻለውን የሰጠ መስሎት ነበር። የብስኩቱ ማሸጊያ ላይ የወተት ሥዕል አለበት።

በነገራችን ላይ፣ ከዚያ ብስኩት ግማሹን የምትበላው ታላቂቱ ነበረች። ቁርስ ሳትበላ ስለምትውል። አልተቆጣኋትም፤ ለእናትየውም ቁጣ እንዳይሆን አድርጌ ነው የነገርኳት። ለሕፃኗ ምግብ ሲታሰብ የመጋቢዋም ቁርስ አብሮ ካልታሰበ ዕቅዱ አይጸናም።

ብቅሉ

ዋናው እንቅፋት አልተነካም፤ ወፍራም ከሆነ ያንቃታል፣ ከቀጠነ ውኃ ነው። መፍትሔው ከዚያው ቤት ጥግ በጆንያ ላይ ተሰጥቶ ተገኘ። እናትየው ለአሠሪዋ የገብስ ብቅል እቤቷ ታበቅላለች፤ ታደርቃለች፤ ይፈጫል።

ብቅል ለጠላ የሚፈለግበት ምክንያትና ለሕፃን የሚጠቅምበት ምክንያት አንድ ነው። ገብሱ ሲበቅል አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ይፈጠርበታል፤ ይህ ኢንዛይም የዱቄቱን ስታርች ይቆራርጠዋል። በወፍራም ሞቅ ያለ ገንፎ ላይ ጥቂት የብቅል ዱቄት ጣል ቢደረግ ገንፎው በደቂቃዎች ውስጥ ይላላል፤ ውኃ አልተጨመረበትም፤ ዱቄቱም አልቀነሰም። ማብቀሉ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አሥሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገርም ይቀንሳል።

እዚያው አብረን ሠራነው። አጃው ብቻ አይበቃም ብለን የተቆላና የተከካ ባቄላ ከገብስና ከአጃ ጋር አስፈጨን፤ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ባቄላ። አራት ማንኪያ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ከግማሽ ውኃ፤ ድርቅ ያለ ገንፎ ሆነ። ከእሳት አወረድነው። ጣት ሲነካው እስኪችል በረደ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት በትነን አማሰልነው። እናትየው ማማሰያውን ይዛ ሲላላ እያየች፣ «እሱ ነው! ድፍድፉም እንዲህ ነው የሚሆነው!» አለች። ከእኔ በላይ የገባት እሷ ነች፤ በሥራዋ በየቀኑ የምታየው ነገር ነውና። መልሰን ጣድነው፤ አንድ ጊዜ ፈላ። ይህ መዘለል የለበትም፤ ብቅል ሲበቅል በእርጥበት የቆየ ስለሆነ ጀርም አያጣውም፤ ዳግም መፍላት አለበት። ሻጋታ የነካው ብቅል ፈጽሞ አይሆንም፤ ለጌሾ ከሚውለው ወፍጮና ሙቀጫም ይለይ። በመጨረሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨመርንበት።

ያ አንድ ጣሳ 180 ካሎሪ ገደማ ይይዛል፤ ከቀድሞው አጥሚት አራት እጥፍ፣ በአንድ ሆድ ሙሉ። ሦስት ጊዜ ቢበላ 540። ልጅቱ በማንኪያ በላችው፤ አላነቃትም።

ለፋሲካ ከመንዝ የመጡት አያት ግን ብቅል ሲበተን አይተው ደነገጡ። «ልጅን በብቅል? ጠላ ልታጠጧት ነው?» አሉ። «እማማ፣ ጠላ የሚሆነው ሲጠነሰስና ሲቆይ ነው፤ ይህ ወዲያው ይፈላል፤ ወዲያው ይበላል» አልኳቸው። ቀመሱት። ጣፈጣቸው። «እኛም ዱሮ አጥሚት ላይ ብቅል እንጨምር ነበር፤ ለአራስ» አሉ ቆየት ብለው። ይህን ከእሳቸው ስሰማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እንግዳ ነገር ይዤ አልመጣሁም ማለት ነው።

ጡጦው በዚያው ሳምንት ቀረ። የተቆረጠው ጫፍ ውስጡ ታጥቦ አይጠራም፤ በወር ሁለት ጊዜ ይመላለስ የነበረው ተቅማጥ ከዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ሻዩም ቀረ፤ ሻይ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል። በምትኩ ቀን በቀን አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ገንዘብ ያጠረ ዕለት በሁለት ቀን አንድ፤ ካሮት ወይም ጎመን ተቀቅሎ ተፈጭቶ። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የሚመጣ ፓፓያ ገበያ ላይ በረከሰ ጊዜ እሱም ይገዛል። መጀመሪያ ቀን ስጠይቅ የሕፃን አመጋገብ ከሚመዘንባቸው ስምንት የምግብ ዓይነቶች ያገኘችው የእናት ጡትና እህል፣ ከሽሮው መረቅም ጥቂት ጥራጥሬ ብቻ ነበር። አሁን አብዛኛውን ቀን አምስት ይሞላል፤ ጡት፣ እህል፣ ጥራጥሬ፣ እንቁላልና አትክልት።

የቀረው የሰዓት ጉዳይ ነበር። እናት ሌሊት 10 ሰዓት ሠርታ የሄደችው ምግብ እስከ ረፋድ ቢቆይ ይበላሻል። ይህን የፈቱት ጎረቤቲቱ እትዬ ናቸው፤ ደጃቸው ላይ ጉሊት የሚሸጡ። ሦስት ቀን ለእህትየው አሳዩዋት፤ ከዚያ በእሳቸው ምድጃ ራሷ መሥራት ጀመረች፤ እሳቱን እሳቸው ይጠብቁላታል። እሳቸው ባይኖሩ ምን እናደርግ እንደነበር እስካሁን መልስ የለኝም። በከተማችን ለእንዲህ ያሉ እናቶች የሕፃናት ማቆያ ቢኖር ከማንኛውም ትምህርት በላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ልኬቱ

በ15 ወሯ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ስትመጣ ክንዷ 12.1 ነበር። በ16 ወሯ ለአንድ ሳምንት ትኩሳት ይዟት 12.0 ሆነ፤ እናትየው አለቀሰች። እንዲህ እንደሚሆን፣ ከሕመም በኋላ ለሁለት ሳምንት አንድ ማዕድ መጨመር እንደሚያስፈልግ ነገርኳት። ተጨመረ። በ18 ወሯ ክንዷ 12.7፣ ክብደቷ 8.4 ኪሎ ሆነ። ክንዷ አረንጓዴ ገባ፤ ክብደቷም ከመስመሩ በላይ ወጣ። ተቅማጥ በአራቱ ወራት አንድ ጊዜ ብቻ።

ቁመቷ ግን 73.2 ነው። በአራት ወር 3.2 ሴንቲ ሜትር አድጋለች፤ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቀው ግን ከአራት በላይ ነው። ከእኩዮቿ ያላት ርቀት አልጠበበም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ሰፍቷል። ሥጋ ይመለሳል፤ አጥንት ይዘገያል፤ አንዳንዴም አይመለስም። ይህን ለእናትየው ሸሽጌ በአረንጓዴው ብቻ ላስደስታት አልፈለግሁም፤ ነገርኳት። «በስድስት ወሯ ብትመጪ ኖሮስ?» አለችኝ። በስድስት ወሯ እዚያ ግቢ በር ላይ አልፌ ነበር፤ ቤቱ ተዘግቶ ስለነበር በመዝገቤ «የለችም» ብዬ ጽፌ ሄድኩ። የሄድኩበት ሰዓት ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ እናትየው ሥራ ላይ የምትሆንበት።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ገብቷል። ከእርግዝና እስከ ሁለተኛ ዓመት ያሉት 1,000 ቀናት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ለዚህች ልጅ ከዚያ ውስጥ የቀረው ስድስት ወር ነው።

አሁን በየሳምንቱ ሁለት ቀን ከ9 ሰዓት በኋላ እዞራለሁ፤ ተከራይ እናቶች እቤት የሚገኙት ያኔ ነው። ስገባ መጀመሪያ የማየው ጡጦውን ነው፤ ቀጥሎ ድስቱን፤ ቀጥሎ ማንኪያውን የሚይዘው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። የክንድ መለኪያውን የማወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ግቢ ሦስተኛው ክፍል የአምስት ወር ልጅ ያላት አንዲት ሴት ገብታለች። ብቅሉን ያሳየቻት የልጅቱ እናት ናት፤ «ገና ነው፤ ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ» ብላ።